የሁለት ክልል አውሮፕላን ማረፊያዎችን ርቀትና የበረራ ጊዜ ማስላት፦ ከጎጃም ለሚነሣ ተጓዥ የተዘጋጀ መመሪያ

«ከባሕር ዳር ድሬዳዋ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለው ጥያቄ አጭር ቢሆንም አንድ መልስ ብቻ የለውም። ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ የለካ ሰው 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኝና ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም የማይበልጥ በረራ ነው ይላል። ትኬት ቆርጦ የሄደበት ሰው በአዲስ አበባ በኩል ግማሽ ቀን እንደሚወስድ ይናገራል። ከዳንግላ የሚነሣው ደግሞ ሌሊት ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ የሚደርስበት ጉዞ ነው ቢል አልተሳሳተም። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን አንደኛው የለካው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ቀጥታ ርቀት፣ ሁለተኛው ትኬቱ ላይ የሰፈረውን ጊዜ፣ ሦስተኛው ከቤት እስከ ቤት ያለውን ጉዞ ነው። ይህ መመሪያ ሦስቱን ቁጥሮች ለየብቻ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ያሳያል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ ናቸው።

ቀጥታ ርቀቱን በወረቀት ማስላት

በቅድሚያ የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ማግኘት ያስፈልጋል። ስልክ ላይ ካርታ ከፍቶ የአውሮፕላን መንደርደሪያውን በጣት ጥቂት ተጭኖ በመያዝ ቁጥሮቹን ማየት ይቻላል። መጀመሪያ የሚመጣው ኬክሮስ ሲሆን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደራቅን ይነግረናል፤ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፤ እርሱም ወደ ምሥራቅ ያለውን ይነግረናል። የባሕር ዳሩ ማረፊያ 11.61 እና 37.32 ላይ፣ የአዲስ አበባው ቦሌ 8.98 እና 38.80 ላይ፣ የጎንደሩ ዐፄ ቴዎድሮስ 12.52 እና 37.43 ላይ፣ የላሊበላው 11.98 እና 38.98 ላይ፣ የድሬዳዋው 9.62 እና 41.85 ላይ ይገኛሉ። ሁለት የነጥብ ቤት ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ በዚህ አያያዝ የሚፈጠረው ስሕተት ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። አንዳንድ ካርታዎችና የአቪዬሽን ሰነዶች ቦታን የሚጽፉት በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ነው። ባሕር ዳር በዚህ አጻጻፍ 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህን 11.36 ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 36 ለ60 ተካፍሎ 0.6 ይሆናል፤ ስለዚህ ትክክለኛው 11.6 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አውሮፕላን ማረፊያውን ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ያርቀዋል።

ቁጥሮቹ ከተገኙ በኋላ ያለው ሥራ በትምህርት ቤት የተማርነው የፓይታጎረስ ሕግ ነው። የኬክሮስ አንድ ዲግሪ በየትም ቦታ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኬንትሮስ አንድ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ በእኛ አካባቢ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በስዊድን ስቶክሆልም ግን የዚህ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ለማስላት የኬክሮሶቹ ልዩነት ይወሰዳል፦ 11.61 ሲቀነስ 8.98፣ 2.63 ይሆናል። ይህ በ111 ሲባዛ 292 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። የኬንትሮሶቹ ልዩነት 1.48 ነው፤ በ109 ሲባዛ 161 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች የቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 111,185 ይመጣል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 333 ነው። ከባሕር ዳር ቦሌ ቀጥታ የአየር ርቀቱ 333 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው።

በዚሁ መንገድ ከባሕር ዳር ጎንደር 102፣ ከባሕር ዳር ላሊበላ 185፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ደግሞ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። አንባቢ እነዚህን ራሱ ሠርቶ ውጤቱን ቢያመሳክር ዘዴው በእጁ ይገባለታል። ይህ ስሌት ምድርን እንደ ጠፍጣፋ ስለሚቆጥር ለአገር ውስጥ ርቀት ብቻ ነው የሚያገለግለው። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ድረስ ያለውን ርቀት በዚህ ማስላት ከባድ ስሕተት ውስጥ ይከታል፤ ለዚያ የካርታውን የርቀት መለኪያ መጠቀም ይሻላል።

የአየር ርቀቱ ከመኪና መንገዱ ምን ያህል እንደሚለይ ለማየት ካርታው ላይ ከባሕር ዳር ቦሌ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ጥሩ ነው። መስመሩ የጮቄን ተራራ ያልፍና ደጀን አጠገብ የዓባይን ሸለቆ ያቋርጣል። በእንጅባራ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ ዞሮ የሚሄደው አስፋልት ግን ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ የመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው መንገዱ ጮቄን በምዕራብ በኩል መዞሩ ነው። ሁለተኛው ሸለቆው ራሱ ነው፦ ከደጀን ጎሐ ጽዮን በአየር ከ20 ኪሎ ሜትር የማይበልጠው ርቀት፣ መኪናው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን እስኪወጣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጭነት መኪና ኋላ ተይዞ ያንን ዳገት የወጣ ሰው ይህን በቁጥር ማስረዳት አያስፈልገውም።

በአቪዬሽን ሰነዶች ላይ ርቀት በባሕር ማይል፣ ፍጥነት በኖት፣ ከፍታ በጫማ ስለሚገለጽ መቀየሪያዎቹን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው፤ አንድ ጫማ 0.3048 ሜትር ነው። 333 ኪሎ ሜትር 180 የባሕር ማይል ይሆናል ማለት ነው።

ከርቀት ወደ በረራ ጊዜ

ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ሁልጊዜ ያሳስታል። በአገር ውስጥ መስመሮቻችን ላይ በብዛት የሚበረው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ከፍተኛው የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ነው። ለስሌት 600 ብሎ መያዝ ለእውነታው ይቀርባል። 333 ኪሎ ሜትር በዚህ ፍጥነት 33 ደቂቃ ነው። ታዲያ ትኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ የሚጻፈው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ትኬት ላይ የሚሰፍረው ጊዜ በአየር ላይ የሚቆየው ብቻ አለመሆኑ ነው። የመነሻ ሰዓት የሚባለው አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ነው፤ የመድረሻ ሰዓት የሚባለውም መሬት የሚነካበት ሳይሆን ማቆሚያው ደርሶ የሚቆምበት ነው። በመካከሉ ወደ መንደርደሪያው መጓዝ፣ ተራ መጠበቅ፣ ከፍታ መያዝ፣ መውረድና ለማረፍ መዞር አሉ። ሽቅብ ሲወጣም ሲወርድም አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። በዚያ ላይ አብራሪዎች የሚከተሉት የተወሰኑ የአየር ላይ መስመሮችን እንጂ እኛ በማስመሪያ ያሰመርነውን አይደለም። ለዚህ ሁሉ 25 ደቂቃ መጨመር ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግል ግምት ነው፦ 33 ሲደመር 25፣ 58 ደቂቃ።

ይህን ቋሚ 25 ደቂቃ በአእምሮ መያዝ ብዙ ነገር ይገልጣል። ለምሳሌ አንዳንድ ተጓዥ በዚያው መስመር ላይ ጀት ሲመደብ ጉዞው እጅግ የሚያጥር ይመስለዋል። ቦይንግ 737 በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ብንል 333ቱን ኪሎ ሜትር በ25 ደቂቃ ያጠናቅቃል፤ ቋሚው 25 ደቂቃ ሲጨመርበት 50 ይሆናል። ከፕሮፔለሩ ያተረፍነው ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይህም ሻንጣ ሲጠበቅ የሚጠፋ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለአጭር መስመር በረራ የሚመርጥ ሰው የአውሮፕላኑን ዓይነት ሳይሆን የመነሻውን ሰዓት ይምረጥ።

ነፋስም በእንዲህ ያለ አጭር በረራ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣ የ33 ደቂቃው በረራ 36 ደቂቃ ቢሆን ነው። የሚያዘገየው ሌላ ነው፤ በተለይ በክረምት። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ የሚጠራቀመው የነጎድጓድ ደመና አብራሪውን ዞሮ እንዲሄድ ወይም ዝናቡ እስኪያልፍ ከማረፊያው አካባቢ እየዞረ እንዲቆይ ሊያደርገው ይችላል። በእኔ ግምት በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚበር ሰው ከስሌቱ በላይ ግማሽ ሰዓት መያዝ አለበት፤ የጧት በረራ ካገኘ ግን ሳያመነታ ይውሰደው።

ቀጥታ በረራ በሌለበት

በሁለት የክልል ማረፊያዎች መካከል የሚደረግ ጉዞ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የአገር ውስጥ በረራ የተዘረጋው እንደ ጃንጥላ ዘንግና አጥንቶች ነው፤ አጥንቶቹ እርስ በርስ የሚገናኙት ዘንጉ ላይ ነው፤ ዘንጉም ቦሌ ነው። ከባሕር ዳር ድሬዳዋ ቀጥታ 540 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ተጓዡ የሚበረው 333 ሲደመር 340፣ ማለትም ወደ 670 ኪሎ ሜትር ነው። የተጨመረው 130 ኪሎ ሜትር ራሱ ብዙ አይደለም፤ በበረራ ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ጉዞውን የሚያረዝመው ቋሚው 25 ደቂቃ ሁለት ጊዜ መቆጠሩና ከዚያም በላይ ቦሌ ላይ ሁለተኛውን በረራ መጠበቁ ነው። በመሆኑም በአዲስ አበባ በኩል የሚሄድ ሰው ኪሎ ሜትር መቁጠሩን ትቶ በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከት። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ክፍተት ያስጨንቃል፤ ከአራት ሰዓት የበለጠ ደግሞ ቀኑን ይበላል። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው የተሻለ ነው።

ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት መቁረጥ ከሁለት የተለያየ ትኬት ይሻላል። በአንድ ትኬት ሲሆን የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ተጓዡን ወደሚቀጥለው ማዛወር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ይሆናል። ሁለት ትኬት ለየብቻ የቆረጠ ሰው ግን ለሁለተኛው በረራ በሰዓቱ እንዳልመጣ መንገደኛ ይቆጠራል። ሻንጣ ሲያስመዝግቡም እስከ መጨረሻው መድረሻ መመዝገቡን መጠየቅና ሻንጣው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት ማየት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ባለ ሦስት ፊደል መለያ ነው፤ ባሕር ዳር ቢ፣ ጄ፣ አር፤ አዲስ አበባ ኤ፣ ዲ፣ ዲ፤ ድሬዳዋ ዲ፣ አይ፣ አር ነው። ተጓዡ ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ ወረቀቱ ላይ ትልቁ ጽሑፍ ኤ፣ ዲ፣ ዲ ከሆነ ሻንጣው ቦሌ ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ እዚያው ባንኮኒው ላይ እያለ ይጠይቅ።

የጎንደር ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከባሕር ዳር ጎንደር ቀጥታ መስመሩ ከዘጌ አጠገብ ተነሥቶ ጣናን ይሻገራል፤ 102 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቀጥታ በረራ ቢኖር ከ35 ደቂቃው ውስጥ አየር ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚኬድበት አሥር ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን በአዲስ አበባ በኩል መሄድ ማለት ግን 333 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ሄዶ 420 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን መመለስ ነው። ሐይቁን በምሥራቅ ዞሮ በወረታና በአዲስ ዘመን የሚያልፈው አስፋልት ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለዚህ ጉዞ መነኸሪያው ከአውሮፕላን ማረፊያው ይቀድማል።

የትኬቱ ሰዓትና ቀን

ትኬት የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከ6 እስከ 18 ያለው ቁጥር ላይ ስድስት ይቀነሳል፦ 07:10 ማለት ጧት 1:10፣ 13:40 ማለት ከቀኑ 7:40 ነው። ከ18 በላይ ሲሆን 18 ይቀነሳል፤ 19:20 ከምሽቱ 1:20 ነው። ከ6 በታች ሲሆን ስድስት ይደመራል፤ 00:45 ከሌሊቱ 6:45 ነው። በአገር ውስጥ በረራ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት በአንድ የሰዓት ቀጣና ስለሆነ አንዱን ከሌላው መቀነስ የበረራውን ጊዜ ይሰጣል። ወደ ውጭ የሚቀጥል ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ሪያድና ጅዳ ከእኛ ጋር እኩል ሲሆኑ ዱባይ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም ትኬቱ ላይ ያለው ልዩነት ከእውነተኛው በረራ በአንድ ሰዓት የረዘመ ሆኖ ይታያል።

ከሰዓቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቀኑ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ትኬቱ «ኦክቶበር 11፣ 00:45» ይላል እንበል። ኦክቶበር 11 በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 1 ነው። ተጓዡ «ጥቅምት 1 ሌሊት 6:45» ብሎ ከያዘና ጥቅምት 1 መሽቶ ቦሌ ከደረሰ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። መገኘት የነበረበት መስከረም 30 ማታ ነው፤ ከባሕር ዳር የሚያደርሰው በረራም ከመስከረም 30 ከሰዓት በኋላ ማለፍ የለበትም። ከ00:00 እስከ 05:59 ባለው ሰዓት የሚነሣ በረራ ያለው ሰው «ያን ቀን ዋዜማ ማታ ቦሌ» ብሎ በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ አይበዛበትም። ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ የቀኖቹ ማመሳከሪያ በአንድ ስለሚዛነፍ የቀን መቁጠሪያ ማየት ይገባል።

ከቤት እስከ ቤት

አሁን ሦስተኛው ቁጥር ቀርቷል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተመደበችን አንዲት የዳንግላ ተማሪ እናስብ። ከዳንግላ ባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ መነኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠበቀውንና ከከተማው ወደ ማረፊያው የሚኬደውን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ይያዝ። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ አንድ ሰዓት በረራ፣ ቦሌ ላይ ሦስት ሰዓት፣ እንደገና አንድ ሰዓት በረራ፣ ሻንጣ ተረክቦ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት። ድምሩ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ የመጀመሪያው በረራ ከጧቱ 3 ሰዓት ከሆነ ከቤት የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ያም ሆኖ በአውቶቡስ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋውና ቢያንስ ሁለት ቀን ከሚወስደው ጉዞ ያነሰ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩሉን ማሳጠር ከፈለገች የምትነካው የቦሌውን ቆይታ ነው፤ የበረራውን ጊዜ መቀነስ በእጇ አይደለም።

የደብረ ማርቆስ ሰው ስሌት በሌላ መንገድ ይሄዳል። ባሕር ዳር ለመድረስ በቡሬ በኩል ወደ 265 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ከዚያ ተሳፍሮ ጮቄን አልፎ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በቀጥታ በመኪና አዲስ አበባ ቢሄድ 300 ኪሎ ሜትር ነው። የባሕር ዳሩ የመኪና ጉዞ ላይ የማረፊያው ጥበቃና በረራው ሲደመሩ ከአዲስ አበባው መንገድ ስለሚረዝም ከቦሌ መሳፈሩ ይሻለዋል። የቡሬና የእንጅባራ ሰው ያለ ጥርጥር ወደ ባሕር ዳር ይሂድ። ፍኖተ ሰላም ለባሕር ዳር ከ180 ኪሎ ሜትር በታች፣ ለአዲስ አበባ ከ380 በላይ ስለሆነ እርሱም ወደ ባሕር ዳር ያደላል። ከደምበጫ ወዲያ ያለው ግን ሁለቱንም አስልቶ ይወስን። በየትኛውም በኩል ቢሄዱ በዋዜማው ወደ መነኸሪያ ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑን መጠየቅና በረራው በሰዓቱ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የመመለሻው ስሌት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባሕር ዳር ከቀኑ 11 ሰዓት የሚያርፍ በረራ ሻንጣ ተቀብለው እስኪወጡ 11:30 ያደርሳል፤ በዚያ ሰዓት ወደ ዳንግላም ሆነ ወደ ፍኖተ ሰላም መኪና ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ቢገኝም በጨለማ መጓዝ አይመከርም። ስለዚህ ሲመለሱ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ባሕር ዳር የሚያደርስ በረራ ይመረጥ፤ ካልተገኘ የአንድ ሌሊት አልጋ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ተደምሮ ከመነሻው ይታሰብ።